የአባት ሱቅ ሲወረስ ምን ምኑ ይወረሳል?

የድሬዳዋና የሐረር መንገዶች በኮሪደር ልማት መልካቸው መቀየር ከጀመረ ወዲህ፣ ቡና ላይም ሆነ በርጫ ላይ የቆዩ ሱቆች ወሬ አይጠፋም። "ከአያቱ ጀምሮ የነበረ ሱቅ ነው፣ እንዴት ዝም ይባላል?" የሚል አለ። "ልጆቹ ናቸው የገደሉት፣ አባትየው እያሉ እንዲህ አልነበረም" የሚልም አለ። ሁለቱም ከልባቸው ነው የሚናገሩት። ግን ቤቱ፣ ፈቃዱና ሙያው እንደ አንድ ነገር ተቆጥረው ስለሚወሩ ክርክሩ መቋጫ የለውም። አንድ የቆየ ሱቅ ሲዘጋ በትክክል የጠፋው ምንድን ነው? እስቲ ከሥሩ እንየው።

"የቤተሰብ ንግድ" ስንል ምን ማለታችን ነው?

ባለቤትነቱም ሥራውም በአንድ ቤተሰብ እጅ ሆኖ ከትውልድ ወደ ትውልድ ያለፈ ንግድ ማለት ነው። ትልቅ መሆን የለበትም። ቡና ወደ ውጭ የሚልክ ድርጅትም፣ ጁገል (በግንብ የታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ) ውስጥ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ አንድ የስፌት መኪና ብቻ የምትይዝ ልብስ ሰፊ ቤትም ያው የቤተሰብ ንግድ ናቸው።

ውስጡ ግን ሦስት ነገር አለ። አንደኛው የሚዳሰሰው ነው፦ ቤቱ፣ መደርደሪያው፣ ዕቃው፣ ማሽኑ። ሁለተኛው ወረቀት ላይ ያለው ነው፦ ፈቃዱ፣ የንግድ ስሙ፣ የኪራይ ውሉ። ሦስተኛው ሰው ውስጥ ያለው ነው፦ ሙያው፣ ከደንበኛና ከአከፋፋይ ጋር የተገነባው መተማመን። ባለሱቁ በሕይወት እስካሉ ድረስ ሦስቱ ተለይተው አይታዩም። እሳቸው ሲያልፉ ነው እያንዳንዱ የየራሱን መንገድ የሚይዘው። ቤቱ ወደ አንዱ፣ ፈቃዱ ወደ ፋይል ክፍል፣ ሙያው ደግሞ ቶሎ የተማረ ሰው ከሌለ ወደ መቃብር።

እዚህ አካባቢ እንዲህ ያለ ንግድ ለምን በዛ?

ሐረር ድሮም የነጋዴ ከተማ ናት። በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል በዘይላና በበርበራ የሚመጣው ዕቃ በግመል ወጥቶ፣ የሀገር ውስጡ ቡናና ቆዳ ደግሞ ወርዶ የሚገናኙባት ከተማ ነበረች። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ እንኳ በ1873 ዓ.ም. ሐረር የገባው ለአንድ የፈረንሳይ ንግድ ቤት ቡናና ቆዳ ሊገዛ ነው። ጁገል ውስጥ ሙያ ደግሞ በቤተሰብ ነበር የሚያዘው። መጽሐፍ የሚጠርዘው፣ ብር የሚያነጥረው፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን የስፌት ሥራ የምትሰፋው እናት፣ ሁሉም ከቤት ነው የተማሩት።

ድሬ ልጅ ከተማ ናት። ከጂቡቲ የተነሳው ባቡር የሐረርን ተራራ መውጣት ስለከበደው በሜዳው በኩል ታጠፈ፣ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ እዚህ ደረሰ፣ ከተማም ሆነ። ከደቻቱ ወንዝ ወዲህ ቀጥ ባሉ መንገዶች የተነደፈችው ከዚራ፣ ከደቻቱ ወዲያ መጋላ። ባቡሩን ተከትሎ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ህንዱ፣ የመኑ መጣ፤ ሐረሪው፣ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ጉራጌውም ሱቁን ከፈተ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ስለሆነ፣ በመሃል ላሉት ዓመታት የባቡሩ ዕቃ የሚራገፈው በአብዛኛው እዚህ ነበር። ከፊት ሱቅ፣ ከኋላ መኖሪያ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ባንኮኒው ጀርባ። "ዐረብ ቤት" እያልን ያደግንበት የሠፈር ሱቅ በዚሁ አኗኗር የመጣ ነው።

ታዲያ ለምን ጥቂት ብቻ ቀሩ?

ልጆቹን ከመውቀሳችን በፊት ታሪኩን ማየት ያስፈልጋል። ብዙዎቹ በልጆች ስንፍና አልጠፉም።

የመጀመሪያው ምት ጣሊያን ነው። በወረራው ዘመን የውጭ ነጋዴዎች ተገፉ። በሐረርም በድሬም በአዲስ አበባም ትልቅ ስም የነበረው የህንዶቹ የመሐመድ አሊ ድርጅት ከሀገር እንዲወጣ ተደረገ።

ከባዱ ግን የደርግ ጊዜ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ሱቁን በራሱ ቤት የከፈተ፣ ጎኑን ደግሞ አከራይቶ ይኖር የነበረ ቤተሰብ ኪራዩ ቀረበት። ወዲያው በ1968 አዋጅ ቁጥር 76 ተከተለ። ይህኛው ብዙም አይወራለትም፣ ለቤተሰብ ንግድ ግን ከመጀመሪያው ያልተናነሰ ነበር። አንድ ሰው ከአንድ በላይ ንግድ እንዳይሠራ ከለከለ፣ ካፒታልም ገደበ፦ ለችርቻሮ 200,000 ብር፣ ለጅምላ 300,000 ብር፣ ለኢንዱስትሪ 500,000 ብር። የቤተሰብ ንግድ የሚያድገው እንዴት እንደሆነ አስቡት። አባት ሱቅ ይከፍታል፣ ከትርፉ መጋዘን ይጨምራል፣ ከመጋዘኑ ትንሽ ፋብሪካ ያቆማል፣ ልጆቹን በየፈርጁ ያስቀምጣል። በሁለቱ አዋጆች መሃል ይህ መሰላል ተሰበረ። ያኔ ሻንጣውን ይዞ የወጣው የመን፣ ግሪክና አርመን ብቻ አልነበረም፤ ብዙ ሐረሪም ወደ ውጭ ሄዷል፣ የብዙዎቹ የልጅ ልጆች ዛሬ ቶሮንቶ ናቸው።

ከዚያ ባቡሩ ደከመ። አዲሱ ሐዲድ ሲመጣም ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ተሠራ። በድሮው ለገሃር ዙሪያ መንገደኛን ጠብቆ ይኖር የነበረው ንግድ ደንበኛው ከፊቱ ጠፋ።

አባት ሲሞቱ ሱቁ የማን ይሆናል?

ትልቁ ስህተት ያለው እዚህ ላይ ነው። "ሱቁ የታላቁ ልጅ ነው፣ አብሮ ሲሠራ የኖረው እሱ ነው" ይባላል። በልማድ ሊሆን ይችላል። በሕግ አይደለም።

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ኑዛዜ ከሌለ ቀዳሚ ወራሾች ልጆች ናቸው፣ ድርሻቸውም እኩል ነው። ወንድ ሆነ ሴት፣ ታላቅ ሆነ ታናሽ፣ ሱቅ ውስጥ ያረጀ ሆነ ውጭ የሄደ፣ ለውጥ የለውም። ሚስት የምትወስደው በወራሽነት አይደለም፤ በትዳር ውስጥ የተፈራው ሀብት የጋራ ስለሆነ አስቀድማ የራሷን ግማሽ ትወስዳለች፣ የሚወረሰው የቀረው ግማሽ ነው።

እኛ አካባቢ ግን ብዙ ቤተሰብ የሚሄደው ሸሪዓ ፍርድ ቤት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ይህን ይፈቅዳል፣ ባለጉዳዮቹ ፈቃደኛ እስከሆኑ ድረስ። በሸሪዓ ልጆች ካሉ ሚስት አንድ ስምንተኛ ታገኛለች፣ ከቀረው ወንድ ልጅ የሴቷን እጥፍ ይወስዳል።

በቁጥር እንየው። ዕቃውም ገንዘቡም ተደምሮ 800,000 ብር የሚገመት ሱቅ አለ እንበል። የቀሩት ሚስት፣ ሁለት ወንዶች ልጆችና አንዲት ሴት ልጅ ናቸው። በፍትሐ ብሔሩ፣ ሱቁ የጋራ ሀብት ከነበረ፣ እናት 400,000 ብር ይዘው ቀሪው ለሦስቱ ልጆች እኩል ይካፈላል፣ ለያንዳንዳቸው 133,000 ብር ገደማ። በሸሪዓ፣ ሀብቱ ሙሉ በሙሉ የሟች ከነበረ፣ እናት 100,000፣ ወንዶቹ 280,000፣ 280,000፣ ሴቷ 140,000 ብር ይደርሳቸዋል።

በየትኛውም መንገድ ይሁን ችግሩ ያው ነው። 800,000 ብሩ ጥሬ ገንዘብ አይደለም። ስኳር ነው፣ ጨርቅ ነው፣ መደርደሪያ ነው፣ ሰው የተበደረው ዱቤ ነው። አንዱ ወራሽ "ድርሻዬን ስጡኝ" ሲል ሱቁን የያዘው ልጅ ወይ ከባንክ ተበድሮ ይከፍለዋል፣ ወይ ዕቃውን ሸጦ ያካፍላል። አብዛኛው ዕቃውን ይሸጣል። ዕቃ የሌለው ሱቅ ደግሞ በሁለት ወር ውስጥ ደንበኛው ይበተናል። እኔን ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የዚያ ልጅ ነገር ነው። ደመወዝ ሳይቆረጥለት፣ "የቤታችን ሥራ ነው" ተብሎ ሃያ ዓመት ሠርቷል። ወረቀት ላይ ግን ከሌሎቹ በምንም አይለይም። ውጭ ያለችው እህቱም ክፉ ሆና አይደለም፣ ሕጉ የሰጣትን ነው የጠየቀችው። ቀድሞ ያልተነገረ ነገር ነው የሚያጣላቸው።

ፈቃዱስ? የንግድ ፈቃድ በሰው ስም ነው። ሟች ከሄዱ በኋላ በእሳቸው ፈቃድ መሥራት አይቻልም፤ የሚቀጥለው ሰው በራሱ ስም ማውጣት አለበት። ከዚያ በፊት ፍርድ ቤት ሄዶ የወራሽነት ማረጋገጫ ማግኘት፣ የሟችን የግብር ዕዳ መጨረስ አለ። ይህ ሁሉ እስኪያልቅ በሩ ይዘጋል።

ስሙ ብቻውን ዋጋ አለው?

አለው። የንግድ ሕጋችን "የንግድ መደብር" የሚለው ነገር አለ። ቤቱ ማለት አይደለም። ለንግድ የተሰባሰበውን ሀብት በአንድ ላይ ነው የሚጠራው፦ ዕቃው፣ የንግድ ስሙ፣ የኪራይ መብቱ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መልካም ዝናው። መልካም ዝና ሲባል ደንበኛው ሌላውን ሱቅ አልፎ እናንተ ጋ የሚመጣበት ምክንያት ማለት ነው። ይህ ይሸጣል፣ ይገመታል፣ ይወረሳል። የኦግሳዴይ ቤተሰብ ከድሬዳዋ የሚልከው የፈረስ ምልክት ያለበት የሐረር ቡና ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ባሕር ማዶ ያለው ቡና ቆዪ ፈረሱን አይቶ ነው የሚያውቀው። አነስተኛ ሱቆች ግን ስማቸውን አያስመዘግቡም። "የእነ እከሌ ሱቅ" በሚል ብቻ ሃምሳ ዓመት ይኖራሉ፣ ውርስ ሲገመትም ያ ስም እንደ ዜሮ ይታለፋል።

ቤቱ የቀበሌ ከሆነስ?

ያኔ የሚወረስ ቤት የለም። በ1967ቱ አዋጅ ከተወረሱት ውስጥ የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች ሄዱ። መጋላም ሆነ ጁገል ውስጥ ብዙ ሱቅ እስካሁን በዚህ ኪራይ ላይ ነው። ተከራይ ሲሞት ውሉ ለማን እንደሚዞር የሚወስነው የየከተማው መመሪያ ነው፣ ስለዚህ ሰው ሳይሞት ሄዶ መጠየቅ ይሻላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። ያው ቤት የወሰደው አዋጅ፣ በኪራዩ ርካሽነት ብዙ ትናንሽ ሱቆችን በሕይወት አቆይቷል። ልብስ ሰፊው በገበያ ዋጋ ቢከፍል ኖሮ ድሮ ዘግቶ ነበር። ሠፈሩ ለልማት ሲነሳ የሚያጣው ግድግዳውን ብቻ ሳይሆን ይህን ኪራይ ጭምር ነው። ምትክ ቦታ ቢያገኝ እንኳ የድሮ ደንበኛው በእግሩ የሚያልፍበት መንገድ ላይ ላይሆን ይችላል።

በወረቀት የማይወረሰውስ?

ሐረር ውስጥ ሐላዋ የሚሠራ ሰው አጠገብ ቆማችሁ አይታችሁ ከሆነ ነገሩ ይገባችኋል። የሚገባው ነገር ምሥጢር አይደለም፦ ስኳር፣ ስታርች፣ ዘይት ወይም ቅቤ፣ ሄል። ማንም ገዝቶ ይቀላቅለዋል። ከዚያ ግን ማማሰል ነው፣ እጅ እስኪዝል፣ ሳያቋርጡ። መጀመሪያ ሾርባ ይመስላል። ቆይቶ ይወፍርና ማማሰያውን ይይዛል። ከዚያ ቅባቱ ከዳር ዳር መውጣት ይጀምራል፣ ሊጡ ከድስቱ ይላቀቃል፣ ያብረቀርቃል። እሳቱ የሚቀነሰው የቱ ጋ ነው? ትንሽ ከቀደማችሁ ጥርስ ላይ ይለጠፋል፣ ትንሽ ከዘገያችሁ ይደርቃል። ባለሙያው ሰዓት አያይም። የማማሰያውን ክብደት በክንዱ ይሰማል። ይህን በየትኛው ኑዛዜ ትጽፉታላችሁ?

እንደ እርሾ ነው። ዱቄቱንም ውኃውንም ምጣዱንም ልጅ መውረስ ይችላል፣ እርሾው ከተደፋ ግን ያ የቤቱ እንጀራ አይወጣም። እርሾ የሚተላለፈው አሮጌው ሳያልቅ አዲሱ ላይ ሲጨመር ብቻ ነው፣ ሙያም አባት እያለ ልጁ ድስቱ አጠገብ ሲቆም ብቻ።

ሌላው የዱቤ ደብተር ነው። ማንኛውንም የቆየ የሠፈር ሱቅ ደብተር ግለጡ። "የሹፌሩ ሚስት 340"፣ "ቀዩ 85"፣ "ከመስጊዱ ጀርባ ያለችው ልጅ፣ ዘይት"። ባለሱቁ ማን ማን እንደሆነ ያውቃል፣ ማን በደመወዝ ቀን እንደሚከፍል፣ ማን ሲቸግረው ዝም ሊባል እንደሚገባ ያውቃል። በሕግ ይህ ዕዳ የውርሱ አካል ነው። ግን ቀዩ ማን ነው? ልጁ ካላወቀ ገንዘቡም ደንበኛውም አንድ ላይ ሄዱ።

ቅርስ ተብሎ መመዝገብ ይችላል?

በከፊል። ሐረር ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፣ ስለዚህ ግንቡ ውስጥ ያለ ሱቅ ቤቱ እንደ ከተማው አካል ጥበቃ አለው። ሙያ ደግሞ "የማይዳሰስ ቅርስ" በሚለው ሥር ሊገባ ይችላል። ይህ ሰዎች ከእጅ ወደ እጅ የሚቀባበሉትን ዕውቀት፣ በዓልና ልማድ የሚይዝ መዝገብ ነው፤ የሐረሪዎች የሹዋሊድ በዓል በ2016 ዓ.ም. የተመዘገበው በዚህ ነው። ንግዱ እንደ ንግድ ግን በሁለቱም ውስጥ ቦታ የለውም። ቤቱ ተጠብቆ፣ ሙያውም ተመዝግቦ፣ ሱቁ ግን ኪራይ መክፈል አቅቶት ሊዘጋ ይችላል።

ሌላ ሀገር ይህን ክፍተት ለመሙላት ሞክረዋል። አሜሪካ ውስጥ ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2015 የቆዩ ንግዶችን መመዝገብ ጀመረች፣ በመሠረቱ 30 ዓመትና ከዚያ በላይ የሠሩትን። የገረመኝ ድጋፉ ለባለሱቁ ብቻ አለመሆኑ ነው። ቢያንስ የ10 ዓመት የኪራይ ውል ለሚፈርም አከራይም ገንዘብ ይሰጣል። ችግሩ ኪራይ እንደሆነ ስለገባቸው አከራዩን ነው ያነጋገሩት።

ጃፓን ደግሞ ኮንጎ ጉሚ የሚባል የቤተ መቅደስ አናጺ ድርጅት ከ578 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ1,400 ዓመት በላይ በአንድ ቤተሰብ ኖሯል። የሚመች ወንድ ልጅ ሲጠፋ አማቹን የቤተሰቡን ስም ሰጥተው ያስረክቡት ነበር። በ2006 እ.ኤ.አ. በዕዳ ምክንያት ለሌላ ድርጅት ተላለፈ። ዕዳው የመጣው ከአናጺነቱ አልነበረም፣ ከሙያቸው ወጥተው በቤትና በመሬት ንግድ ካፈሰሱት ገንዘብ ነው።

አሁን ሱቅ ያለው ቤተሰብ ምን ያድርግ?

ባለሱቁ እያሉ፣ ጤነኛ ሆነው፣ ልጆቹ ሁሉ ባሉበት መነጋገር። ውጭ ያሉት በስልክ ይግቡ። ስለ ሞት ማውራት ነውር ይመስለናል፣ ግን ጥያቄው ስለ ሞት አይደለም፤ ሱቁን ማን ይይዛል፣ ሌሎቹ በምን ይካሳሉ ነው።

ከዚያ ወረቀት። ኑዛዜ የሚጽፍ ሰው ሁለት የተለመዱ መንገዶች አሉት። አንዱ በ4 ምስክሮች ፊት የሚነበብና የሚፈረም ነው፣ ውልና ማስረጃ ሄዶ በኃላፊው ፊት ከሆነ 2 ምስክር ይበቃል። ሌላው ሙሉ በሙሉ በራስ እጅ የሚጻፍ ነው፣ ኑዛዜ መሆኑ ተገልጾ፣ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀንና ፊርማ ሠፍሮ። በሸሪዓ ለሚሄድ ቤተሰብ ኑዛዜው ከሲሶ አያልፍም፣ ለወራሽ ለማድላትም የሌሎቹ ወራሾች ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ስለዚህ በሕይወት እያሉ በስጦታ ወይም በሽርክና መጨረስ ይቀላል።

ሽርክናው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሊሆን ይችላል። ያኔ ንግዱ የማኅበሩ ይሆናል፣ ፈቃዱም በማኅበሩ ስም ነው፣ ሰው ሲሞት በሩ አይዘጋም። የሚወረሰው አክሲዮኑ ነው። ውጭ ያለችው ልጅ በድርሻዋ ትርፍ ታገኛለች፣ መደርደሪያው ሳይነካ። ሱቅ ለያዘው ልጅ ደግሞ ደመወዝ ይቆረጥለት፣ ወይም ለሠራበት ዘመን ተጨማሪ ድርሻ ይጻፍለት። በ2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን እንዲህ ያለ ማኅበር እንዲያቋቁም ስለሚፈቅድ፣ አባት ብቻቸውን ጀምረው ልጆችን ቀስ በቀስ ማስገባት ይችላሉ። ሂሳብ አያያዙና ግብሩ ግን ስለሚጠብቅ ለጥቃቅን ሱቅ ሁሉ አይመከርም፤ መጀመሪያ የሂሳብ ሰው ያማክሩ።

የሰነዶቹን ቅጂ ሌላ ቦታ አስቀምጡ። በ1998 የደቻቱን ጎርፍ ያየ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠይቅም።

ሙያውን በተመለከተ ደግሞ ማን እንደሚያውቀው አጣሩ። ብዙ ቤት ውስጥ ስሙ የወንዱ ልጅ ነው፣ ዋጋውን፣ አከፋፋዩንና ደንበኛውን በቃሏ የያዘችው ግን ባንኮኒው ጀርባ የምትቀመጠው እህቱ ናት። አክሲዮን ሲከፋፈል የእሷም ስም ይግባ። ደብተሩንም ከአባቷ ጋር ቁጭ ብላ፣ እያንዳንዱ ቅጽል ስም አጠገብ ሙሉ ስምና ስልክ ቁጥር ትጻፍበት።